ድምፅን በፊደል የሚሠሩ እጆች

ዓመቱ ሲገባደድ የልዕለ ጀግና ኮሚክ መጻሕፍት ምርጥና ደካማ ተብለው ይለያሉ። ደራሲውና ሠዓሊው ይወደሳሉ ወይም ይወቀሳሉ፤ ንግግሩን በፊደል የሚያሰፍረው ባለሙያ ግን ስሙ እምብዛም አይነሣም። እኔ ይህን ሰው አከብረዋለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1983 ደራሲና ሠዓሊ ዋልተር ሳይመንሰን የአሳታሚው ማርቭልን «ቶር» ኮሚክ ሲረከብ ፊደሉን የጻፈለት ጆን ወርክማን ነበር። በታሪኩ ውስጥ በሩቅ ሕዋ ሰይፍ ይቀጠቀጣል፤ የመዶሻው ድምፅ «ዱም!» የሚል ግዙፍ ጽሑፍ ሆኖ ይወጣል። ወረቀት ድምፅ የለውም፤ ያን ገጽ ስገልጥ ግን ምቱ ደረቴ ላይ ያርፋል። ፊደሉ ከሥዕሉ ላይ የተለጠፈ አይመስልም፤ አብሮ የተወለደ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1986 መታተም የጀመረውን «ዎችመን» የተባለ ኮሚክ ዴቭ ጊበንስ ሥዕሉንም ፊደሉንም ራሱ ሠርቶታል። ከገጸ ባሕርያቱ የዶክተር ማንሃተን ንግግር የሰፈረው ሰማያዊ የንግግር ፊኛ ውስጥ ነው፤ ጭምብል ያጠለቀው የሮርሻክ ግን ጠርዙ የተንሻፈፈ ነው። አንድም ማብራሪያ ሳይጨመር አንዱ ከሰው የራቀ፣ ሌላው የቆሰለ መሆኑን ጆሯችን ይሰማል።

ይህ ሙያ ባይኖር ዓይናችን ገጹ ላይ ይባዝናል፤ ማን ቀድሞ እንደተናገረ፣ ማን እንደመለሰ አይለይም። ወሬ የበዛበትን ደካማ መጽሐፍ እንኳ እስከ መጨረሻው የሚያስነብበው ብዙ ጊዜ የፊኛዎቹ ብልህ አቀማመጥ ነው። የኮሚክ መጻሕፍቱ የአይስነር ሽልማት ለፊደል ጸሐፊዎች የራሳቸውን ዘርፍ ማበጀቱ፣ ፊደል ጸሐፊው ቶድ ክላይንም በዚሁ ዘርፍ ደጋግሞ መሸለሙ እጅግ ደስ ያሰኘኛል።