«ጓፖ» ስለሚባለው የእስፓንኛ ቃል፤ በመዝገበ ቃላት አተረጓጐም ላይ የቀረበ ሒስ

የሰውን ጠባይ የሚገልጹ ቃላት ከሌሎቹ ይልቅ በተርጓሚ እጅ ይበላሻሉ፤ አንድ ሕዝብ የሚያከብረውንና የሚነቅፈውን የሚያኖረው በእነርሱ ውስጥ ነውና። ለዚህም «ጓፖ» የሚባለው የእስፓንኛ ቃል ምስክር ይሆነናል።

ዛሬ በእስፓኝ አገር «ጓፖ» ማለት መልከ መልካም ማለት ነው። የአገሩ አካዳሚ መዝገበ ቃላትም ይህንኑ ትርጕም ያስቀድማል፤ ደፋርነትን ግን ወደ ኋላ ያደርጋል። ይህ አቀማመጥ ለዛሬው የእስፓኝ አንባቢ ቢመችም የቃሉን ታሪክ ይገለብጠዋል። ጆአን ኮሮሚናስ ከ1954 እስከ 1957 (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) ባሳተሙት የቃላት ምንጭ መዝገብ እንዳስረዱት፥ ቃሉ የመነጨው «ዋፓ» ከሚለው ላቲን ነው፤ ይኸውም ጣዕሙን ያጣ የወይን ጠጅ፥ በምሳሌም የማይረባ ሰው ማለት ነው። ወደ እስፓኝ የገባውም በፈረንሳይ ቀበልኛ በኩል ነው። አካዳሚው ራሱ በ1734 ባሳተመው ክፍል ያስቀደመው አደጋን የማይፈራውን ቈራጥ ሰው ነበር።

ቃሉ በየአገሩ የያዘውን መልክ እንመልከት። በኩባና በፖርቶ ሪኮ «ጓፖ» ጠብ ፈላጊው ጕልበተኛ ነው፤ በዶሚኒካን ሪፑብሊክ የተቈጣ ሰው ነው፤ በኡራጓይና በፓራጓይ ደግሞ ሥራ የማይሰለቸው ታታሪ ነው። እስፓኞች ከ1503 እስከ 1707 በገዟት በናፖሊ ቃሉ ፊደሉን አጥብቆ የሰፈሩን ኀይለኛ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል።

የስሕተቱ ጕዳት በግልጥ የሚታየው በአርጀንቲና ነው። ሳሙኤል አይኸልባውም በ1940 ያቀረቡት ቴአትር «የ1900 ጓፖ» ይባላል፤ ባለታሪኩ አንድን የፖለቲካ አለቃ በታማኝነት የሚያገለግል የቦኖስ አይረስ ዳርቻ ሰው ነው። መዝገቡን በተራ ቍጥሩ የሚከተል ተርጓሚ ይህን «መልከ መልካሙ» ቢለው ገና በርእሱ ሥራውን ያፈርሰዋል።

በእኛ አስተያየት እነዚህን ፍቺዎች አንድ ክር ያያይዛቸዋል፤ እርሱም አለማፈግፈግ ነው፤ በጩቤ ፊት፥ በሥራ ፊት፥ በተመልካችም ዓይን ፊት። የቁጣው ፍቺም ከዚሁ አይርቅም። አማርኛችን ግን ለዚህ አንድ ቃል የለውም። «ጎበዝ» ብንል ክብሩ ይገኛል፥ ነቀፋው ይቀራል፤ «ጕልበተኛ» ብንል ነቀፋው ይገኛል፥ ክብሩ ይጠፋል። ስለዚህ ተርጓሚው የመዝገቡን የመጀመሪያ ፍቺ ከመያዙ አስቀድሞ ማን፥ የት አገር፥ ስለ ማን እንደ ተናገረው ሊጠይቅ ይገባዋል።