ካርቡሬተሩ ምን በደለ?

ጋራዣችን አዲስ የገባው ልጅ አንድ አሮጌ ባለ 40 የፈረስ ጉልበት የጀልባ ሞተር ይዞ መጣና «ጋሼ፣ ጉልበት አጥቷል፤ ካርቡሬተሩን ልፍታው?» አለኝ። ጥያቄው የራሱ አይደለም፤ ባህር ዳር ላይ ሞተር ከሚነካው ሰው ግማሹ የሚለው ይህንኑ ነው። ሞተር ደከመ ሲባል ካርቡሬተር ይፈታል፣ ይታጠባል፣ ሞተሩ በርሜል ውሃ ውስጥ ቆሞ ይነሳል፣ ሚኒሞው ሲስተካከል «ዳነ» ይባላል። በማግስቱ ደንበኛው ከዘጌ መንገድ ላይ ይደውላል።

እኔ በበርሜል ምርመራ አላምንም። በርሜል ውስጥ ጭነት የለም፤ ጭነት ከሌለ ደግሞ ሞተር ሁሉ ጤነኛ ነው። ድካሙ የሚታወቀው ሰው ተሳፍሮ፣ ነዳጅ እስከ መጨረሻው ተሰጥቶት ነው።

ውሃ ላይ ስንወጣ መጀመሪያ የማየው ድምፁና ፍጥነቱ አብረው መውረዳቸውን ነው። ሞተሩ እየጮኸ ጀልባው የማይሄድ ከሆነ ጉልበቱ አልጠፋም፤ ውሃው ጋ አልደረሰም። ፕሮፔለሩን ማየት ነው። ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ የታና መከራ የሆነው እምቦጭ ተጠምጥሞበት ይሆናል። አለዚያም በፕሮፔለሩ መሃል ያለው ጎማ ላሽቆ ዘንጉ ብቻውን ይዞራል። ለዚህ መሣሪያዬ የጥፍር ቀለም ነው። ከውስጠኛው ብረት ተነስቼ ጎማውን አቋርጬ እስከ ውጨኛው ድረስ አንድ ቀጭን ቀይ መስመር አሰምራለሁ። በሙሉ ጉልበት ነድተን ስንመለስ መስመሩ ተቆርጦ ግማሹ ወዲህ ግማሹ ወዲያ ከሄደ ነገሩ አለቀ። ካርቡሬተሩ ምን በድሎ ይፈታል?

ድምፁም ፍጥነቱም አብረው ከወረዱ ሞተሩ ነው። ያን ጊዜም ቁልፍ አላነሳም። ልክ መድከም ሲጀምር አንድ ሰው የቤንዚን ቱቦው መሃል ያለውን የጎማ ፖምፓ በእጁ ይጭመቅ። ሞተሩ ነፍስ ከዘራ ቤንዚን አንሶታል ማለት ነው፦ የሰልባትዮው ክዳን መተንፈሻ ተዘግቷል፣ ቱቦው ተሰንጥቆ አየር ይስባል፣ ወይም የሞተሩ የራሱ ፖምፓ ደክሟል። መጭመቁ ምንም ካልለወጠ ሞተሩን በሙሉ ፍጥነቱ እንዳለ አጥፍቼ ካንዴላዎቹን እፈታለሁ። አንዱ የቡና መልክ ይዞ ሌላው ጠቁሮና ረጥቦ ከወጣ፣ ባለ ሁለት ሲሊንደሩ ሞተር በአንዱ ብቻ እየሠራ ነው። ኮምፕሬሽን ስለካም የምፈልገው የሁለቱን መቀራረብ ነው፤ በሰፊው ከተራራቁ ፋሻውን ወይም ጓርኒሲዮኑን እጠረጥራለሁ።

ጨርሶ ያልታመመም አለ። ታና ከባህር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ ስለዚህ 40 ተብሎ የተገዛው እዚህ 33 ገደማ ነው። እሱ የሚፈልገው አነስ ያለ የካርቡሬተር ጄትና በአንድ ዙር ጥቂት የሚገፋ ፕሮፔለር ነው፤ እጥበት አይደለም።

አንድ የሙያ ባልደረባዬ «ለምርመራ ብለህ የሰው ቤንዚን ታቃጥላለህ» እያለ ይስቅብኛል። የቤንዚን ዋጋ ጠፍቶኝ አይደለም። ግን ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ከደቅ ደሴት የሚመለሰውን ጀልባ አስባለሁ። እናቶች ልጆቻቸውን አቅፈው፣ ቀሳውስቱ ነጠላቸውን ሰብስበው፣ ማዕበሉ በጎን እየመታቸው ተቀምጠዋል። እዚያ ጉልበት የሚያጣ ሞተር ስንት ሊትር ቤንዚን ያስከፍላል?

አባቴ በደንገል ታንኳ እንጨት ያመላልስ ነበር። የታንኳ ጉልበት ክንድ ነው፤ ክንድ ደግሞ ከመዛሉ በፊት ለባለቤቱ ይነግረዋል። እኔ ሞተር ላይ የፈለግሁት ያንን ነው፤ ከመቆሙ በፊት የሚለውን መስማት። ሌላው ሰው ጫጫታ የሚለው ለእኔ ወሬ ነው፤ ጆሮዬ በዚህ ሥራ ከእጄ በላይ እንጀራ አብልቶኛል።

እንግዲህ ጀልባ ያላችሁ ሁሉ፦ ሠሪው አብሯችሁ ሳይሳፈር ካርቡሬተር ልፍታ ካላችሁ፣ ሞተራችሁን ይዛችሁ ወደ ሌላ ሰው ሂዱ።