ፊልሙ መቼ ነው የሚጀምረው?

የአማርኛ ፊልም የሚያዘወትር ሰው ይቺን አጀማመር ያውቃታል። ሰዓት ይደውላል፤ ልጁ ይነቃል፣ ጥርሱን ይቦርሻል፣ መኪናውን አስነስቶ ቦሌን ከላይ እስከ ታች ያካልላታል። ሙዚቃው ይንቆረቆራል። አሥር ደቂቃ ሄደ፤ ልጁ ምን እንደጎደለው ግን አናውቅም። ኧረ እሱም አያውቅም!

እስቲ ኮፖላ በ1972 እ.ኤ.አ. ያወጣውን «ዘ ጎድፋዘር» እናስታውስ። የሚጀምረው ከጨለማ ውስጥ በሚታይ የአንድ ሰው ፊት ነው። የቀብር አስፈጻሚው ቦናሴራ ሴት ልጅ ተደብድባለች፤ ደብዳቢዎቹን ፍርድ ቤት በገደብ ለቋቸዋል። ስለዚህ ዶን ኮርሊዮኔ ዘንድ መጣ። ካሜራው ቀስ እያለ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ፣ ተለማኙ ሰውዬ ከጀርባው ይታያል። ውጭ የዶኑ ልጅ ሠርግ ነው፤ ውስጥ ደም ይለመናል። ሽጉጥ አልተተኮሰ፣ መኪና አልተገለበጠ። ሕግ የነፈገውን ፍርድ ሰው ከማን ደጅ እንደሚጠይቅ፣ ዋጋውም ምን እንደሆነ ግን ገብቶናል።

እኛ አገርስ ደጅ ጠኚ ጠፍቶ ነው? ከፍርድ ቤት አንገቱን ደፍቶ የሚወጣ አባት ስንት አለ! ደራሲዎቻችን ከዚያ መኪና ወርደው እሱን ቢከተሉት፣ ተመልካቹ ፈንዲሻውን ይረሳ ነበር።