የፈረንሳይኛ ግሥ በባሮ ወንዝ ላይ

ሻርል ሚሼል የተባለ ፈረንሳዊ በ1900 ፓሪስ ላይ «ወደ ፋሾዳ» የሚል መጽሐፍ አሳተመ (ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሚተርከው ራሱ አባል የነበረበትን የማርኪ ደ ቦንሻን ጓድ ጉዞ ነው። ጓዱ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ ከጎሬ ደጋ ወርዶ፣ ባሮን ይዞ ዛሬ ጋምቤላ በምንለው ሜዳ አቋረጠ። ሐሳቡ ከምዕራብ በኩል የሚመጣውን ፈረንሳዊ መኮንን ማርሻንን ነጭ ዓባይ ላይ፣ ፋሾዳ አካባቢ ማግኘት ነበር። በዲሴምበር 1897 ማብቂያ፣ ጀልባ የሌላቸው ሰዎች ረግረጉን አይተው ወደ ኋላ ተመለሱ።

ስለ ፈረንሳይኛ ግሥ ማውራት ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ታሪክ አላውቅም። የሰዋስው መጻሕፍት በእርግጠኝነት ለሚነገር ነገር ብቻ ስምንት ጊዜ ይቆጥራሉ፤ ሱብዦንክቲፍና ኮንዲስዮኔል የሚባሉት ስልቶች ደግሞ የየራሳቸውን ይጨምራሉ። ተማሪ ይህን ሁሉ በሠንጠረዥ ሲሸመድድ ጊዜዎቹ በቀን መቁጠሪያ ላይ የተደረደሩ ይመስሉታል። አይደሉም። አብዛኞቹ የሚለኩት ተናጋሪው ነገሩን ከየት ቆሞ እንደሚያይ ነው፤ ይህ ደግሞ የሚገለጠው ታሪክ ሲነገርባቸው ነው።

ከሁለቱ የትረካ ጊዜዎች እንጀምር። ወንዙ ይፈስ ነበር፣ ንዳዱ ሰዉን ይጥል ነበር፣ ስንቁ እያለቀ ነበር፤ ይህ ሁሉ ኤንፓርፌ ነው። ቆሙ፣ ተማከሩ፣ ተመለሱ ሲባል ፓሴ ሴምፕል ይሆናል። የመጀመሪያው ከነገሩ መካከል ቆሞ ያያል፤ ጫፉ አይታየውም። ሁለተኛው ነገሩን ከዳር እስከ ዳር ዘግቶ ያስረክባል። ደስ የሚለኝ የልዩነቱ ማነስ ነው። «ኢል ሙሬ» ቢል በሽተኛው ገና እያጣጣረ ነው፣ መድኃኒት የያዘ ሰው ሊደርስለት ይችላል። «ኢል ሙሪዩ» ቢል ግን ቀብሩን እናስብ። በአንዲት አናባቢ ላይ ሰው ሞተ። አማርኛ ለዚሁ ሥራ «ይሞት ነበር» ብሎ ሁለት ቃል ያሰልፋል፤ አያንስም፣ ግን እንዲህ አይቀጥንም። ፓሴ ሴምፕል ዛሬ ከዕለት ንግግር ወጥቶ መጽሐፍ ውስጥ ቀርቷል። አልቤር ካሙ በ1942 ያሳተመውን «ባይተዋሩን» በንግግሩ ጊዜ፣ በፓሴ ኮምፖዜ መተረኩ ያስደነቀውም ለዚህ ነው።

በ17ኛው መቶ ዘመን የፈረንሳይ ሰዋስው ሊቃውንት አንድ ሕግ ነበራቸው፦ ፓሴ ሴምፕል ለዛሬ ነገር አይነገርም፤ በድርጊቱና በተናጋሪው መካከል ቢያንስ አንድ ሌሊት ማለፍ አለበት። ሕጉ አልዘለቀም። እዚያው ጋምቤላ ክልል ውስጥ፣ ሜጢ ዙሪያ ባለው ደን የሚነገረው የመዠንገር ቋንቋ ግን እንዲህ ያለውን ርቀት ከነሥሩ ይዞታል፦ የቅርብ ኃላፊ፣ የመካከለኛ ኃላፊና የሩቅ ኃላፊ አለው፤ ወደፊቱንም ቅርብና ሩቅ ብሎ ይለያል። ደግሞ አያባክናቸውም። ተራኪው ምልክቶቹን አልፎ አልፎ ብቻ ነው የሚያነሣቸው። ይህ ቁጥብነት ራሱ ሞያ ነው።

ወደ ጉዞው እንመለስ። ቦንሻንና ጓዶቹ «ማርሻን ይመጣል» ብለው ነው የወረዱት። አማርኛ የሰውየውን ንግግር ከአፉ እንደወጣ ይጠቅሰዋል፤ ተራኪው ከመቶ ዓመት በኋላ ቢሆንም «ይመጣል» አይነካም። ፈረንሳይኛ ግን ከኃላፊ ላይ ቆሞ ወደፊት ለሚያይ ሰው የተለየ ቅርጽ ሠርቷል፤ ጥበቡም ሲፈታ ነው የሚታየው። የወደፊቱ ጊዜ ግንድ ይወሰድና የኤንፓርፌ ጅራት ይቀጠልበታል፦ ከ«አሪቭራ» (ይደርሳል) ግንዱ፣ ከ«አሪቬ» (ይደርስ ነበር) ጅራቱ፣ በድምሩ «አሪቭሬ»፤ ኮንዲስዮኔል የሚባለው ይህ ነው። የወደፊት ራስና የኃላፊ እግር ያለው ቃል፣ ማለትም ያኔ ገና ያልደረሰው፣ ዛሬ ያለፈው። ሥሩን ብንቆፍር የወደፊቱ ጅራት ራሱ በጥንቱ ላቲን «አለኝ» የሚል ግሥ ነበር፤ ከዋናው ግሥ ኋላ ሲከተል ሲከተል ተጣበቀ። የእኛስ «ይመጣል» ምንድን ነው? «ይመጣ» እና «አለ» አይደሉም? «መጥቷል»ም «መጥቶ» እና «አለ» ነው። የማይተዋወቁ ሁለት አንጥረኞች ጊዜን ከአንድ ዓይነት ብረት ቀጥቅጠውታል። ኢትዮጵያን በ1910 እና 1911 የጎበኘውና በ1936 ትልቁን የአማርኛ ሰዋስው ያሳተመው ማርሴል ኮኸን፣ በ1924 ስለ ሴማውያን ግሥና ስለ ጊዜ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ቢጽፍ አያስገርምም።

ሱብዦንክቲፍ ተማሪን የሚያስለቅሰው በከንቱ ነው እላለሁ። «ይሂድ»፣ «እንዲሄድ» የሚል ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል፤ ፍላጎትና ትእዛዝ በዚያው በር ይገባሉ። የሚያምረው ሌላው ግማሽ ነው። የቦንሻን ሰዎች ወንዙን የሚያውቅ ታንኳ ቀዛፊ ይፈልጋሉ እንበል። «ኪ ኮኔ ለ ፍለቭ» (ወንዙን የሚያውቅ) ካሉ ቀዛፊው አለ፣ ስሙ ይታወቃል፣ የጠፋው እሱን ማግኘት ብቻ ነው። በሱብዦንክቲፍ «ኪ ኮኔስ» ካሉ ግን እንዲህ ያለ ሰው በዚህ ምድር መኖሩን ማንም አላረጋገጠም። መጨረሻ ላይ የምትሰማው «ስ» አንድን ሰው ከሚኖሩት ወደሚታሰቡት አሸጋገረችው። እኛም «የሚያውቀውን ቀዛፊ» ብለን የታወቀውን እንለያለን፤ እኛ ግን የምንነካው ስሙ የታወቀ መሆኑን ሲሆን፣ ፈረንሳይኛ የነካው የማወቁን እውነትነት ነው።

የ1897ቱ ጓድ ከተመለሰ በኋላ ደጃዝማች ተሰማ ናደው ሠራዊት አስከትለው በዚያው አቅጣጫ ወረዱ። ፈረንሳዊው ፌቭርና ስዊሳዊው ፖተር፣ የሩሲያው ኮሎኔል አርታሞኖቭም አብረዋቸው ነበሩ። ጁን 22 ቀን 1898 ባሮ የሚገባበት የሶባት ወንዝ ከነጭ ዓባይ ከሚገናኝበት ደረሱ። ባንዲራ ተከሉ። ማርሻን የለም። የደጋው ሠራዊት በንዳድ እያለቀ ስለነበር ብዙ ሳይቆዩ ተመለሱ። ማርሻን በዚያው የወንዝ አፍ አጠገብ አልፎ ፋሾዳ የገባው ጁላይ 10 ነው።

ይህን ለመናገር ሕጉ የታወቀ ነው፦ ቢጠብቁ ኖሮ ባገኙት ነበር። ፈረንሳይኛ «ቢጠብቁ» የሚለውን በኃላፊው ኃላፊ፣ በፕሉስ ከ ፓርፌ ያስቀምጥና ኮንዲስዮኔሉን ለውጤቱ ብቻ ያቆየዋል፤ ምኞቱ ሁለት ጊዜ አይነገርም። ጎበዝ ጸሐፊ ግን ሕጉን ሁሉ ትቶ እንዲህ ሊል ይችላል፦ «ዲዝ ዩዊ ዡር ደ ፕሊዩስ፣ ኤ ኢል ራንኮንትሬ ማርሻን»። አሥራ ስምንት ቀን ቢጨምሩ ያገኙት ነበር። «ራንኮንትሬ» ተራ ኤንፓርፌ ነው፣ ወንዙ ይፈስ ነበር ያልንበት። ጫፍ የማይታየው ያ ጊዜ፣ ሊሆን ሲል የተቋረጠውን ነገር ልክ በመሆን ላይ እንዳለ አድርጎ ያሳየናል። የእኛም «ያገኙት ነበር» በየቀኑ ያገኙት ለነበረም፣ ጨርሶ ላላገኙትም ይሠራል። «ራንኮንትሬር» ተብሎ በ«ር» ቢዘጋ ኖሮ ተገናኝተው ነበር።