«በረላም ወይዋስፍ» እና የስሜት ትምህርት

የቡድሃ ታሪክ በግዕዝ አለ ቢባል የሚገረም መምህር አይጠፋም። ታሪኩ ከሕንድ ተነሥቶ በየአገሩ ቋንቋ ሲመለስ ክርስቲያናዊ መጽሐፍ ሆነ፤ የመን ተወላጁ እጨጌ ዕንባቆም በ1553 እ.ኤ.አ. ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መለሱት።

ንጉሡ ልጁ ይዋስፍ ኀዘን የሚባል ነገር እንዳያውቅ በቤተ መንግሥት ይዘጋበታል። ልጁ ግን በወጣ ጊዜ በሽተኛ፣ ዕውርና ሽማግሌ ያያል፤ ይህ በእርሱም ይደርስ እንደሆነ ይጠይቃል። ሳሎቬይና ሜየር በ1990 እ.ኤ.አ. «የስሜት ብልኅነት» ያሉት፣ የራስንና የሌላውን ስሜት ለይቶ ማወቅ፣ ከዚህ ጥያቄ ይጀምራል። የመጽሐፉ ብርታት ይህ ነው።

ጉድለቱስ? ይዋስፍ በመጨረሻ ዙፋኑን ትቶ ይመንናል። የቡድሃም መንገድ ከምኞት መላቀቅ ነው፤ የስሜት ብልኅነት ግን ከሰው ጋር ለመኖር የሚያገለግል ችሎታ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ይቀራረባሉ እንጂ አንድ አይደሉም።

ሆኖም እኛ መምህራን ንጉሡን የምንመስልበት ጊዜ አለ። በ2023 እ.ኤ.አ. ጦርነት ሲነሣ በካርቱም እንደ አል-ሳሃፋ ባሉ ሰፈሮች ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ተሰድደዋል። ከዚያ የመጣ ተማሪ ክፍላችን ቢገባ «ያለፈውን እርሳ፣ ደብተርህን ያዝ» ብለን ግንብ እንሠራበታለንን? አስቀድሞ ይጠየቅ፤ ይደመጥም።