ቃርሚያውና ሌባው

ሄቪ ሜታል የሚለውን ቃል አይታችሁ ገጹን ለመግለጥ እንዳትቸኩሉ። እኔንም ጩኸቱን እስክለምደው አንገላቶኛል። ከጥናት ክፍላችን ልጆች አንዱ ፍላሽ ሰጥቶኝ «መምህር፣ ይስሙትና ይፍረዱ» ስላለኝ ነው የገባሁበት። ዓለማዊ ሙዚቃ መስማት ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን እናቆየው። ዛሬ የያዘኝ ሌላ ነገር ነው።

ፍላሹ ውስጥ የነበረው ሲስተም ኦፍ ኤ ዳውን የተባለው ባንድ ሦስተኛ አልበም ነው። ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ይህን አልበም ስረቁ» ማለት ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው። ባንዱ በ2001 (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ቶክሲሲቲ የተባለውን አልበም ሲሠራ ከ30 በላይ ዘፈኖች ቀዳ። ለአልበሙ የተመረጡት 14 ብቻ ናቸው፤ የቀሩት ስቱዲዮ ውስጥ ተቀመጡ። በሚቀጥለው ዓመት ግን ያላለቁት ቅጂዎች በኢንተርኔት ሾልከው ወጡ፤ ሰውም «ቶክሲሲቲ ሁለት» ብሎ ስም አወጣላቸው። ባንዱ ሰዎች ያላለቀ ሥራ መስማታቸው እንዳሳዘነው ተናገረ፤ ከዚያም ዘፈኖቹን ጨርሶ ኅዳር 2002 ላይ 16ቱን በአልበም አወጣቸው። ሽፋኑ ሥዕል የለውም። ሲዲው ቤት ውስጥ ተገልብጦ በማርከር የተጻፈበት ነው የሚመስለው። የሌባቸውን ልብስ ለብሰው ገበያ ወጡ ማለት ነው። ይህን ቀልድ ወድጄላቸዋለሁ።

ሰርጅ ታንኪያን የተባለው ድምፃዊ ዘፈኖቹ ከቶክሲሲቲ የቀሩት አንሰው ሳይሆን ከአልበሙ አካሄድ ጋር ስላልገጠሙ ነው ብሏል። እውነቱን ነው? በግማሽ። ጋይንትና እስቴ ላደገ ልጅ ቃርሚያ ምን እንደሆነ አላስረዳም። ሩት በቦዔዝ እርሻ የቃረመችው ገብስ ነው፤ ገለባ አልነበረም። ከነዚህም ዘፈኖች ውስጥ ደህና ዛላ ያለው ብዙ ነው። ሩሌት የሚባለውን ስሙት፦ በአኮስቲክ ጊታር የሚሄድ፣ ከዚህ ባንድ የማትጠብቁት ጸጥ ያለ ዘፈን ነው። ነገር ግን ቃርሚያ ማሳ አይሆንም። ቶክሲሲቲ መነሻና መድረሻ አለው፤ የመጨረሻው ዘፈን ካለቀ በኋላ እንኳ «ጌታ ሆይ፣ ማረን» ከሚለው የአርመን ቤተ ክርስቲያን ጥንታዊ ዝማሬ የተወሰደ ዜማ ተደብቆ ይጠብቃችኋል። ያን ሁሉ ጩኸት ያለፈ ሰው በልመና ይወጣል። ሁለተኛው ስብስብ ይህ የለውም። አንዱ ዘፈን አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ያልቃል፤ ቀጣዩ ከየት እንደመጣ ሳታውቁ ይጀምራል። ለብቻ ለብቻ ስሰማቸው ደስ ያሰኙኝ ዘፈኖች በአንድ ላይ ሲሆኑ አደከሙኝ።

የአርመን ዝማሬ ከዚህ ባንድ ጋር ምን አገናኘው? አራቱም የአርመን ልጆች ናቸው፤ አያቶቻቸው ከ1915ቱ እልቂት የተረፉ። እዚህ ላይ ታሪኩ ወደ እኛ አገር ይገባል። ከዚያው እልቂት የተረፉ 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች በ1924 በራስ ተፈሪ ፈቃድ ከኢየሩሳሌም አዲስ አበባ መጥተው ሙዚቀኞች ሆነዋል፤ «አርባ ልጆች» የሚባሉት እነርሱ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደርሷል። አንዱ ወገን በናስ ባንድ፣ ሌላው ከብዙ ዓመት በኋላ በሎስ አንጀለስ በኤሌክትሪክ ጊታር፤ ሐዘኑ ግን የአንድ ቤት ነው። ቡም የተባለው ዘፈን ጦርነትን ይቃወማል። ቪዲዮውን ማይክል ሙር ያዘጋጀው የካቲት 2003 በብዙ ከተሞች ከተደረገው የተቃውሞ ሰልፍ ምስሎች ነው። ጦርነት ምን እንደሆነ ለዚህ አገር ልጅ መንገር ስለማያስፈልግ አላብራራም። የአልበሙ ሌላ ዘፈን ግን ርዕሱ ራሱ ስድብ ነው፤ እርሱን ዘልዬዋለሁ፣ ዝለሉት ብልም አላፍርም።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ግን ስለ ባንዱ ብቻ ብዬ አይደለም። በኅብረታችን መዘምራን ውስጥ መዝሙር የምትደርስ እኅት አለች። አንድ ቀን በልምምድ ላይ አዲስ መዝሙር ስትሞክር ድምጿ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ተሰበረ፤ እርሷም ስቃ «ገና ነው» አለች። እኔ በስልኬ ቀድቼው ነበር። ዜማው ስለነካኝ ለሁለት ጓደኞቼ ላክሁት። በሳምንቱ መካነ ኢየሱስ ገበያ ላይ ከማላውቀው ልጅ ስልክ ሰማሁት፤ የድምጿ መሰበርም ሳቋም ሳይቀር። አንዳንዱ በሳቋ ይስቅ ነበር። እኅታችን ለሁለት ወር መዝሙር አልነካችም። ማን እንደቀዳው ጠየቀች። እኔ በሦስተኛው ሳምንት ነው የተናገርኩት።

ታዋቂው ባንድ ሥራው ሲሾልክ ወደ ስቱዲዮ የሚመለስበት ገንዘብ ነበረው፤ ሪክ ሩቢንን የመሰለ ፕሮዲውሰርም አብሮት ነበር። የእኛ እኅት ያላት ደብተርና አንድ ኪቦርድ ነው፤ ኪቦርዱም መብራት ሲጠፋ ዝም ይላል። እነርሱ በስርቆቱ ቀልደው አለፉ፤ እርሷ በምን ትቀልድ? ያላለቀ ነገር የሠሪው ነው። ቃራሚዋ ሩት እንኳ ፈቃድ ጠይቃ ነው ማሳ የገባችው።

አልበሙን መስማት ለሚፈልግ በሩሌት ይጀምር፤ ከዚያ ቡም፤ ከዚያ ደግሞ ተመልሶ የቶክሲሲቲን መጨረሻ እስከ ድብቁ ዜማ ድረስ ይታገሥ። ፍላሹን ለባለቤቱ መልሻለሁ፤ በፍርዴ አልተስማማም፤ «እርስዎ አርጅተዋል» ብሎኛል።

እኅታችን ወደ ደብተሯ ተመልሳለች። ሁለተኛውን ስንኝ ቀይራዋለች፤ የቀየረችውን ግን ለማንም አላሰማችም። አሁን ዓርብ ዓርብ ልምምድ ሲጀመር ስልክ ሁሉ በር ላይ ባለ ቁና ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ የሚገባው የእኔ ነው።