ሽልማቱ ለዕቃው ነው ወይስ ለትምህርቱ?

በ2014 እ.ኤ.አ. የሃርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ፕሮፌሰር ኤሪክ ማዙር የመጀመሪያውን የሚነርቫ ሽልማት፣ 500,000 ዶላር፣ አገኙ። ይገባቸዋል። ግን ልብ በሉ፤ ዘዴያቸው ቀላል ነው። ጥያቄ ይቀርባል፣ ተማሪው ለብቻው ይመልሳል፣ ከጎኑ ካለው ጋር ይከራከራል፣ እንደገና ይመልሳል። ዓይን የሚገባው መልስ መሰብሰቢያው ክሊከር ነው። በ2008 የታተመው የናታንየል ላስሪ ጥናት ግን ክሊከር የያዙትንና የወረቀት ካርድ ያነሱትን ተማሪዎች አወዳድሮ በመማር በኩል ልዩነት አላገኘም። ክሊከር ለመምህሩ ቆጠራ ያቀላል፤ የሚያስተምረው ክርክሩ ነው። እናም ለ“ዲጂታል መምህር” ሽልማት ተሰጠ ሲባል ጠይቁ፦ ተማሪዎቹ ከኮርሱ በፊትና በኋላ ተፈትነዋል ወይ? ካልተፈተኑ የተሸለመው ዕቃው ነው።